የሎዋር ሸለቆን ግንቦች በሦስት ቀን ማየት፦ ከባቡሩ እስከ ወይን ጠጁ

ፈረንሳይ ውስጥ «ሻቶ» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። ቦርዶ አካባቢ ሻቶ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያመለክቷችሁ የወይን እርሻና መጥመቂያ ነው፤ ግንብ ይኑረው፣ ተራ ቤት ይሁን ለውጥ የለውም። ከፓሪስ ደቡብ ምዕራብ ያለው የሎዋር ሸለቆ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሻቶ ማለት ንጉሥ ያደረበት፣ መስፍን የተገደለበት፣ ባልቴት ንግሥት ተቀናቃኟን ያባረረችበት ግንብ ነው። ወይን ጠጁ የሚሸጠው «ዶሜን» ወይም «ካቭ» የሚል ሰሌዳ ከተሰቀለበት በር ነው።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ድንጋዩ ነው። ግንቦቹ የተሠሩት «ቲፎ» ከሚባል ነጭና ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲቆረጥ ገደሉ ውስጥ ረጃጅም ዋሻ ቀረ፤ ያ ዋሻ በጋ ከክረምት 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ ዛሬ ወይን ጠጅ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ጠዋት ግንቡን፣ ከሰዓት ዋሻውን ማየት ማለት የአንዱን ድንጋይ ሁለት ፊት ማየት ነው። ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ወይን ጠጁ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የወንዙ ዋና ክፍል፣ ከሱሊ እስከ ሻሎን ያለው 280 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያን ሁሉ ላዳርስ የሚል ሰው አንዱንም በወጉ አያይም። በቀን ሁለት ግንብ በቂ ነው። አንዱ ከነአትክልት ቦታው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ በመካከል ባቡር መጠበቅ አለ፣ ምሳ አለ። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ደግሞ ያ ሰማያዊ መጋረጃ ያለው አልጋ የየትኛው ንግሥት እንደነበረ ይምታታባችኋል።

የሰዓት ነገር፦ እዚህ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ ቲኬቱ ላይ እንደሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 14:00 ማለት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ስልካችሁ በሐበሻ ሰዓት ከተሞላ ከመሳፈራችሁ በፊት መልሱት፤ በዚህ ምክንያት ባቡር ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም።

ማደሪያ

መኪና የማትከራዩ ከሆነ ማደሪያችሁ ቱር ከተማ ይሁን። የአካባቢው ባቡሮች ሁሉ የሚነሱት ከዚያ ነው፤ ጣቢያውም መሐል ከተማ ነው። ሻምቦርና ሸቬርኒ የሚባሉት ግንቦች ዋና ዓላማችሁ ከሆኑ ብሏ ከተማ ይሻላል። አምቧዝ ከሦስቱ ውብ ናት፣ ማታ ከወንዙ ማዶ ግንቡ መብራት ለብሶ ይታያል፤ ግን ትንሽ ከተማ ናት፣ በፈረንጅ በጋ፣ በጁላይና ኦገስት፣ ክፍሎቿ ቶሎ ይያዛሉ። ሦስት ሌሊት በአንድ ቦታ እደሩ። በየቀኑ ሻንጣ እየጎተቱ ከተማ መቀየር ሌላ ጣጣ አለው፤ ትልልቆቹ ግንቦች ለጥበቃ ሲባል ትልቅ ሻንጣ አያስገቡም፣ በየጣቢያውም ማስቀመጫ አይገኝም።

መድረስ

ከፓሪስ ሁለት መንገድ አለ። ፈጣኑ ባቡር ቴዤቬ ከሞንፓርናስ ጣቢያ ተነስቶ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ሳን-ፒዬር-ደ-ኮር ያደርሳል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ቴዤቬዎች ቱር ከተማ አይገቡም፤ የሚያቆሙት ሳን-ፒዬር-ደ-ኮር ነው፣ ከዚያ በ5 ደቂቃ ቱር የሚያደርስ ትንሽ ባቡር ትይዛላችሁ። ቲኬቱን ስትገዙ መድረሻውን «ቱር» ብላችሁ ሙሉት፣ የትንሿ ባቡር ጉዞ አብሮ ይያዝላችኋል። ቱር እስኪባል ብሎ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱን ሌላ ክልል ያገኘዋል።

ሁለተኛው መንገድ ከኦስተርሊትዝ ጣቢያ የሚነሳው ዘገምተኛ ባቡር ነው። በኦርሌአን በኩል አድርጎ ብሏንና አምቧዝን እየነካ ወደ ቱር ይሄዳል። የቴዤቬ ዋጋ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይጨምራል፣ ወንበርም ቀድሞ መያዝ አለበት። ክልሉ ውስጥ የሚመላለሱት ባቡሮች ግን ቲኬታቸው መጨረሻ ሰዓት ላይ ቢገዛም ዋጋቸው ያው ነው።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሻርል ደ ጎል የሚያርፍ ሰው ፓሪስ መሐል መግባት ላያስፈልገው ይችላል። በተርሚናል 2 ስር የቴዤቬ ጣቢያ አለ፤ ከዚያ በቀን ጥቂት ባቡሮች በቀጥታ ሳን-ፒዬር-ደ-ኮር ይሄዳሉ። የምትወርዱበት ተርሚናል ሌላ ከሆነ በነፃ የሚመላለሰውን የውስጥ ባቡር ያዙ። ለፓስፖርትና ለሻንጣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል መሐል ላይ ተዉ፤ አውሮፕላን ስለዘገየ የተያዘው የቴዤቬ ቲኬት አይጠብቅም።

ስለ ቪዛ ባጭሩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሼንገን ይጠይቃል። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። አሜሪካ በግሪን ካርድ ወይም እንግሊዝ በመኖሪያ ፈቃድ ላይ ያላችሁ፣ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ እስከሆነ ድረስ ያ ካርድ ሼንገንን አይተካም። ጀርመን፣ ጣሊያን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ግን ፓስፖርቱንና ካርዱን ይዞ ይሄዳል።

መቼ

ሜይ፣ ጁን እና ሴፕቴምበር። በጁላይና ኦገስት ሸኖንሶ ግንብ ውስጥ ለመራመድ የፊተኛውን ሰው ጀርባ መከተል ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ኦክቶበር ወይኑ ይለቀማል፤ እርሻውን ማየት ደስ ይላል፣ ባለቤቱ ግን ቆሞ ሊያጫውታችሁ ጊዜ የለውም። የሻምቦር ደን ውስጥም ያን ሰሞን ወንድ አጋዘኖች በማለዳና በምሽት ሲጮሁ ይሰማል። በፈረንጅ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ሰው የለም፣ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ከከተማ ወደ ግንብ የሚያመላልሱት ወቅታዊ አውቶቡሶች ይቆማሉ፣ አንዳንድ የግል ግንቦችም ይዘጋሉ። ሸኖንሶ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

ቲኬት

የሚገዛው ከየግንቡ የራሱ ድረ ገጽ ነው። መካከል ላይ ያሉ ሻጮች ያንኑ ቲኬት ጨምረው ይሸጣሉ።

ማን ምን ያህል እንደሚከፍል የሚወሰነው ግንቡ የማን በመሆኑ ነው። ሻምቦር፣ አዜ-ለ-ሪዶ እና የአንዤ ግንብ የመንግሥት ናቸው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከየትም ይምጣ በነፃ ይገባል፤ ከ18 እስከ 25 ያለ ወጣት ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሆነ አይከፍልም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ኢጣሊያ የሚማር የ22 ዓመት ልጅ እዚህ ውስጥ ይገባል፣ የመኖሪያ ካርዱን በእጁ ካሳየ። በስልክ የተነሳ ፎቶ ላይ አትተማመኑ። ሻምቦር ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚያስከፍል ያ ካርድ ለአዋቂውም ገንዘብ ነው። አዜ እና አንዤ በጃንዋሪ፣ ፌብሯሪ፣ ማርች፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም ነፃ ናቸው።

ሸኖንሶ፣ ቪላንድሪ፣ ሸቬርኒ እና ክሎ ሉሴ የግል ናቸው፤ ከሕፃናት በቀር ልጆችንም ያስከፍላሉ። አራት ልጅ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ማስላት አለበት።

ቀን 1፦ ሸኖንሶ፣ ከዚያ አምቧዝ

ሸኖንሶ በባቡር ለመድረስ ከሁሉም የቀለለው ግንብ ነው። ከቱር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ጣቢያው ወርዳችሁ በእግር 5 ደቂቃ ስትሄዱ የቲኬቱ በር ላይ ትደርሳላችሁ። ችግሩ የባቡሮቹ ቁጥር ነው። በቀን ጥቂት ናቸው፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊኖር ይችላል። መሄጃውን ከመያዛችሁ በፊት መመለሻውን እዩ። በር ሲከፈት የሚያደርሰውን የመጀመሪያውን ያዙ፤ የቱሪስት አውቶቡሶች ከ10:30 በኋላ ነው ተከታትለው የሚመጡት።

በትልልቅ ዛፎች መካከል ቀጥ ያለ መንገድ አለ። መጨረሻው ላይ በስተግራ የዲያን ደ ፗቲዬ፣ በስተቀኝ የካትሪን ደ ሜዲቺ አትክልት ቦታ ይታያል። የግንቡ ታሪክ በእነዚህ ሁለት ሴቶች ይጠቃለላል። ንጉሥ አንሪ ዳግማዊ በ1547 ግንቡን ለውሽማው ለዲያን ሰጣት፤ እሷ ሸር ወንዝን የሚሻገር ድልድይ አሠራች። በ1559 ንጉሡ ሲሞት ሚስቱ ካትሪን ዲያንን ሾሞን የሚባል ሌላ ግንብ እንድትቀበል አስገድዳ ሸኖንሶን ወሰደች፣ በድልድዩም ላይ አዳራሽ ገነባች። ባንዷ ድልድይ ላይ ሌላዋ ፎቅ ጫነች ማለት ነው።

ስትገቡ አትክልቱን ለኋላ ተዉትና ቀጥታ ወደ አዳራሹ ሂዱ። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ነው፤ 18 መስኮት አለው፤ ወለሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ባዶ ሆኖ የምታዩት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በማለዳ በምሥራቅ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ከወንዙ ተንጸባርቆ ጣሪያው ላይ ሲርገበገብ ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይህ አዳራሽ ሆስፒታል ነበር፣ ከ2,000 በላይ ቁስለኞች ታክመውበታል። በሁለተኛው ጦርነት ሸር ወንዝ በጀርመን የተያዘውን ምድርና ነፃ የተባለውን ክፍል የሚለይ ድንበር ሆነ፤ የግንቡ ዋና በር በተያዘው፣ የአዳራሹ የወዲያኛው በር በነፃው በኩል ነበር። ያን በር አግኙት፣ በስተደቡብ መጨረሻው ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ታች ወደ ወጥ ቤቱ ውረዱ። ያለው ድልድዩን በተሸከሙት እግሮች ውስጥ ነው። ዕቃ በጀልባ እየመጣ ይራገፍ ነበር። የመዳብ ድስቶቹን፣ ሥጋ መቁረጫውን ጉቶ እዩ፤ ጉቶው ከመቆረጥ ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል። ከሕዝብ ጋር ስትሆኑ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ወረፋ ይይዛል፣ ስለዚህ ከአዳራሹ ቀጥሎ ይሁን። መኝታ ክፍሎቹ ይጠብቁ። ላይኛው ፎቅ ላይ የንጉሥ አንሪ ሣልሳዊ ባልቴት ሉዊዝ ያዘነችበት ጥቁር ክፍል አለ፤ ብዙ ሰው ደክሞት ስለሚቀር እዚያ ብቻችሁን ትቆማላችሁ። አትክልቱ የመጨረሻ ነው። ለፎቶ ጠዋት የዲያን በኩል፣ ከሰዓት የካትሪን በኩል ፀሐይ ያገኛል።

ወደ አምቧዝ በቀጥታ የሚወስድ ባቡር የለም፤ መስመሩ ሌላ ነው። ወደ ቱር በሚመለሰው ተሳፍራችሁ ሳን-ፒዬር-ደ-ኮር ላይ ውረዱ፣ ከዚያ ወደ ብሏ የሚሄደውን ያዙ። ሦስትና አራት ሰው ከሆናችሁ ታክሲ ቢካፈሉት ይሻላል፤ መንገዱ 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

የአምቧዝ ጣቢያ ከወንዙ ወዲህ ነው፣ ከተማው ወዲያ። ደሴቲቱን አቋርጣችሁ ሁለት ድልድይ ስትሻገሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። የነገሥታቱ ግንብ ዛሬ የቀረው ትንሹ ክፍል ነው፣ አብዛኛው ፈርሷል። ንጉሥ ቻርልስ ስምንተኛ በ1498 ጭንቅላቱን ዝቅ ያለ በር ጉበን ላይ መትቶ የሞተው እዚህ ነው። ለፈረስና ለሠረገላ የተሠራው ጠመዝማዛ መውጫ ያለበት ክብ ግምብ ሳይታይ አይታለፍ። አትክልት ቦታው ውስጥ ለአልጄሪያው አሚር አብዱልቃድር ተከታዮች መታሰቢያ የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ አሚሩ ከ1848 እስከ 1852 ከነቤተሰቡ እዚህ ታስሮ ነበር። ትንሿ የቅዱስ ሁበርት ጸሎት ቤት ውስጥ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ መቃብር አለ።

ሊዮናርዶ የኖረበት ክሎ ሉሴ ከግንቡ 500 ሜትር ወጣ ብሎ ነው። በ1516 በንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ ግብዣ መጣ፣ ሜይ 2 ቀን 1519 እዚያው ሞተ። ልጆች ካሉ ግንቡን አሳጥራችሁ ክሎ ሉሴ ላይ ቆዩ፤ ከንድፎቹ ተነስተው የተሠሩት ማሽኖች በአትክልቱ ውስጥ በእጅ ይንቀሳቀሳሉ። ልጅ ከሌለ ግን ግንቡ ይበልጣል።

ቀን 2፦ ሻምቦር፣ ከዚያ ብሏ

ከቱር ብሏ በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከጣቢያው ፊት በስፕሪንግና በበጋ ወደ ሻምቦርና ሸቬርኒ የሚወስድ አውቶቡስ ይነሳል፤ የየዓመቱን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ከክልሉ የትራንስፖርት ድርጅት ከሬሚ ገጽ ላይ አረጋግጡ። ከወቅቱ ውጭ ታክሲ ወይም የኪራይ መኪና ነው። ከብሏ በቢስክሌት መሄድም ያስኬዳል፤ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ነው፣ ምልክቱም ግልጽ ነው። ቢስክሌት ያልለመደ ሰው ባለ ባትሪውን ይከራይ።

ሻምቦር በ1519 ተጀመረ። 282 የእሳት ምድጃ አለው፣ ዙሪያውን ያጠረው ግድግዳ 32 ኪሎ ሜትር ነው። ያሠራው ፍራንሷ ቀዳማዊ በ32 ዓመት ንግሥናው ያደረበት ጊዜ ቢደመር ሦስት ወር አይሞላም፤ የአደን ማረፊያ ነበር፣ ዕቃውም ከንጉሡ ጋር መጥቶ ከንጉሡ ጋር ይሄድ ነበር። ይህን ሳያውቅ የሚገባ ሰው «ክፍሎቹ ባዶ ናቸው» ብሎ ቅር ይለዋል። ሻምቦር የሚታየው ለሕንጻው ነው።

አካሄዱ ይህ ነው። በር ሲከፈት ግቡ፤ በመካከሉ ያለውን ደረጃ ይዛችሁ ሳትቆሙ እስከ ጣሪያው ውጡ፤ ከዚያ ወደ ታች እያያችሁ ውረዱ። ሌላው ሰው ከታች ወደ ላይ ስለሚጎበኝ ለአንድ ሰዓት ያህል ጣሪያው የእናንተ ነው። ጣሪያው ላይ የጭስ ማውጫዎቹ፣ ትንንሽ ማማዎቹ፣ በጥቁር ድንጋይ የተለበጡ ጌጦች እንደ ትንሽ ከተማ ተሰባስበዋል። ሲነፍስ ስለሚበርድ ጃኬት ያዙ፤ ውስጡም ቢሆን ከሜይ በፊት ይበርዳል።

ደረጃው ራሱ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ሁለት ደረጃዎች ናቸው። ሁለት ሰው ሁናችሁ አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ጀምሩ፤ በመሐል ባሉት መስኮቶች ትተያያላችሁ እንጂ አትገናኙም። ሊዮናርዶ ነው የነደፈው የሚሉ አሉ፤ በእጁ የተጻፈ ማስረጃ የለም፣ ግንባታው ሲጀመርም ሞቷል። ሁለተኛው ፎቅ ጣሪያ ላይ «ኤፍ» የሚለውን የንጉሡን ፊደልና እሳት ውስጥ ያለ ሳላማንደር የሚባል እንሽላሊት መሰል እንስሳ ተቀርጾ ታያላችሁ፣ የንጉሡ ዓርማ ነው።

ታብሌት ተከራይቶ ክፍሎቹን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መልካቸው ማየት ይቻላል። ለልጆች ጥሩ ነው። አማርኛ የለውም፤ እንግሊዝኛውን ይዛችሁ ለእማማና ለአባባ የሚተረጉም አንድ ሰው ከቡድናችሁ መድቡ።

ከሰዓት ወደ ብሏ ተመለሱ። ግንቡ ከጣቢያው በእግር 10 ደቂቃ ነው። ግቢው መሐል ቆማችሁ ዙሪያችሁን ስትዞሩ ከጎቲክ እስከ ክላሲክ ያለውን ሕንጻ አንድ ላይ ታያላችሁ፤ የመካከለኛው ዘመን አዳራሽ፣ የሉዊ 12ኛ ቀይ ጡብ፣ የፍራንሷ ቀዳማዊ ክፍት ጠመዝማዛ ደረጃ፣ አርክቴክቱ ፍራንሷ ማንሳር በ1630ዎቹ ጀምሮ ሳይጨርስ የቀረው ክንፍ። የጊዝ መስፍን በአንሪ ሣልሳዊ ትእዛዝ ዲሴምበር 23 ቀን 1588 የተገደለው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከሻምቦር በኋላ ሲታይ ብሏ ሞቅ ያለ ነው፣ ዕቃም አለው፤ ለዚህ ነው ሁለተኛ የተደረገው።

መኪና ያለው ሰው በብሏ ፈንታ ሸቬርኒን ሊመርጥ ይችላል፣ ከሻምቦር 17 ኪሎ ሜትር ነው። ባለቤቶቹ እስካሁን ይኖሩበታል፣ መቶ የሚሆኑ የአደን ውሾችም አሉት። የሸቬርኒ መንደር የራሱ ወይን ጠጅ አለው፤ በኩር-ሸቬርኒ ስም የሚሸጠው ነጭ የሚሠራው ሮሞራንታን ከሚባል፣ ከዚያ አካባቢ ውጭ ብዙም ከማይገኝ ወይን ነው።

ቀን 3፦ ቪላንድሪና አዜ

ይህ ቀን መኪና ይፈልጋል። ቪላንድሪ ከቱር 17 ኪሎ ሜትር፣ አዜ ከቪላንድሪ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያለ መኪና የምትሄዱ ከሆነ ቪላንድሪን ትታችሁ በሺኖን መስመር ባቡር አዜ ውረዱ፤ ጣቢያው ከግንቡ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

መኪና ስትከራዩ፦ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ አዲስ አበባ ሳላችሁ አውጡ። መንደር ውስጥ ምልክት ከሌለ መስቀለኛ ላይ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው፣ ከጠባብ ጎዳና ቢወጣም። ከከተማ ውጭ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ምልክት ካልተለጠፈ 80 ነው፣ ካሜራው ብዙ ነው።

የቪላንድሪ ዋናው ነገር አትክልቱ ነው። የአትክልት ብቻ ቲኬት አለ፣ እሱን ግዙ፤ በ1906 ስፔናዊው ሐኪም ዮአኪም ካርቫሎ ገዝቶ ያደሰው ነው። ዘጠኝ አራት ማዕዘን መደብ ላይ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ዱባ፣ ቃሪያ እንደ ጥልፍ ተተክሎ ይታያል። ከመሬት ሆናችሁ ንድፉ አይገባችሁም፤ መጀመሪያ ከፍ ወዳለው እርከን ውጡ፣ ከዚያ ውረዱ። አዜ ትንሽ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ውኃው ላይ ያለው ጥላው እንዲታይ ነፋስ የሌለበት ሰዓት ይመረጣል።

ወይን ጠጁ

ለምን ከሰዓት? አንደኛ፣ አነስተኛ ጠማቂዎች ከ12:00 እስከ 14:00 ዘግተው ምሳ ይበላሉ፤ እሑድ ብዙዎቹ አይከፍቱም። ሁለተኛ፣ ከቅምሻ በኋላ መንዳት የለም። የፈረንሳይ ወሰን በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው 0.2። አንድ ብርጭቆ በአማካይ ከ0.20 እስከ 0.25 ይጨምራል፤ ሁለተኛው ላይ ወሰኑ አፍ ላይ ናችሁ።

ከቱር በስተምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ቩቭሬ ለጀማሪ ትመቻለች፤ አውቶቡስ አለ፣ ዋሻዎቹም መንገድ ዳር ናቸው። አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውሉ ወይም ኢሜይል ላኩ። ስትገቡ መጀመሪያ «ቦንዡር» በሉ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ዋጋ የጠየቀ ሰው ቀዝቃዛ መልስ ያገኛል። ቀጥሎ «ኦን ፔ ዴጉስቴ?» ማለት መቅመስ ይቻላል ወይ ነው። ጥቂት ይቀዱላችኋል። ማሽተት፣ መጎንጨት፣ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ዕቃ መትፋት ነውር አይደለም፣ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ነው። አብዛኛው ትንሽ ጠማቂ ለቅምሻ ባያስከፍልም አንድ ሁለት ጠርሙስ ሳይገዙ መውጣት አያምርም።

የቩቭሬ ነጭ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአንድ ወይን፣ ከሸናን ይሠራል፤ የሚለየው ስኳሩ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሴክ» ካለ ደረቅ ነው፣ አሲዱ ጥርስ ይነካል። «ደሚ-ሴክ» ለዘብ ያለ፣ «ሞዌሌ» ጣፋጭ፣ «ዱ» ደግሞ በሊትር ከ45 ግራም በላይ ስኳር የቀረበት ነው። አዲስ አበባ ላይ ለስላሳ አካሲያ ለምዶ የመጣ ሰው ሴክ ሲቀምስ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ከደሚ-ሴክ ይጀምር። ግን ቅምሻው ላይ ቅደም ተከተሉ ከደረቅ ወደ ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጩን አስቀድሞ የቀመሰ ሰው ደረቁ ሆምጣጤ ይመስለዋል። ቀይ የሚወድ ሰው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሺኖንና ቡርገይ ይሂድ፤ ቀያቸው ካበርኔ ፍራን ነው።

ዋሻው 12 ዲግሪ ነው ብለናል፣ በኦገስትም ሹራብ ያዙ።

ምግብ

ወጥ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት ከ12:00 እስከ 14:00 ነው። 14:15 ላይ የደረሰ ሰው ሳንድዊች ነው የሚያገኘው። የአካባቢው መታወቂያ «ሪዬት» ዳቦ ላይ የሚቀባ የአሳማ ሥጋ ነው፣ «ሪዮን» የሚባለውም የአሳማ ሥጋ ነው። ሰላጣ ውስጥ «ላርዶን» ከተጻፈ የተቆራረጠ አሳማ አለበት። «ሳን ፖር» ማለት ያለ አሳማ ነው። ለረቡዕና ለዓርብ «ቬጋን» ማለት ይገባቸዋል፣ «ሳን ቤር»፣ ያለ ቅቤ፣ ጨምሩበት። ሶሚር ከተማ አካባቢ በዋሻ ምድጃ የሚጋገር «ፉዌ» የሚባል ትንሽ ትኩስ ዳቦ አለ፤ በነጭ ባቄላ ይሞላል፣ ባቄላው በአሳማ ስብ አለመቀቀሉን ጠይቁ። ለማይጾም ቀን «ሳንት-ሞር» የፍየል አይብ ግዙ፤ እንደ ዱላ ድብልብል ነው፣ እንዳይሰበር በመሐሉ ጭድ ይገባበታል። ጭዱን ሳብ አድርጎ ማውጣት እንጂ መብላት አይደለም።

ጠርሙስ ይዞ መመለስ

በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ጸጥታው ላይ ይቀራል። በሚጫነው ሻንጣ እያንዳንዱን ጠርሙስ በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ፣ ካልሲ ውስጥ ከታችሁ፣ ከዳር ሳይሆን መሐል ላይ ልብስ ከላይ ከታች አድርጋችሁ አስቀምጡ። አረፋ የሚያወጣው ወይን ጠጅ ጠርሙሱ ወፍራም ስለሆነ ከተራው ይከብዳል፤ ተራው ሲሞላ 1.3 ኪሎ አካባቢ ነው። ስድስት ጠርሙስ ስትገዙ ከ23 ኪሎው ስምንት ያህሉ ሄዷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ሻንጣውን ቱር ሳላችሁ መዝኑት።